«ጉልበቴ አለቀ»፦ የመገጣጠሚያ ፈሳሽ ታሪክ ከሉማሜ ሲታይ

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲያችን ሕዝባዊ የንግግር መርሐ ግብር በሉማሜ ከተማ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል ነው። ለንባብ እንዲመች ተናጋሪው ጥቂት ቃላትን አርመዋል። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



በተወለድሁበት አገር ቆሜ እንድናገር ስለ ጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አለመሆኔን አስቀድሜ ልናገር። መድኃኒት አላዝዝም፤ የማንንም ጉልበት አልመረምርም። የእኔ ሥራ ሰዎች ስለ አንድ ነገር ምን ያስቡ እንደ ነበር፣ ሐሳባቸው እንዴት እንደ ተለወጠ፣ ሐሳቡም በኑሯቸው ላይ ምን እንዳስከተለ መመርመር ነው። ዛሬ የምናገርለት ነገር እጅግ ትንሽ ነው። በአንድ ጤነኛ ጉልበት ውስጥ ያለው ሁሉ ቢሰበሰብ አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በአጥንትና በአጥንት መካከል የሚገኘው፣ መገጣጠሚያን የሚያለሰልሰው ፈሳሽ ነው።

ይህን ርእስ ለምን መረጥሁ? እናቴ ከስልሳ ዓመት ካለፈች በኋላ ጉልበቷን ያማት ጀመር። ጧት ስትነሣ ግድግዳ ይዛ ነበር፤ ጥቂት ከተራመደች በኋላ ይለቃታል፤ ወደ ማታ ደግሞ ይጠናባታል። ወደ አንድ ባለሙያ ወሰድኋት። ጉልበቷን ነካ ነካ አድርጎ «እማማ፣ የጉልበትዎ ቅባት አልቋል፤ ከእንግዲህ ቁጭ ብለው ይረፉ» አላት። ዶክትሬቴን ይዤ ከተመለስሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር። የአንድን ሰነድ እውነተኛነት ለማጣራት ወራት የምፈጅ ሰው፣ ያንን ቃል አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ ተቀበልሁት። ከደብረ ማርቆስ መደገፊያ ያለው ወንበር ገዝቼ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ አመጣሁላት። ጎረቤት ሁሉ መረቀኝ። እናቴም በወንበሩ ላይ ስድስት ዓመት ተቀመጠች።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ «ቅባቱ አልቋል» የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? «ቁጭ ይበሉ» የሚለው ምክርስ የማን ነው? ሁለቱ ተያይዘው ስለሚነገሩ አንድ ይመስላሉ። ታሪካቸው ግን የተለያየ ነው።

ጉልበት የሚለው ቃል

በአማርኛ «ጉልበት» ሁለት ነገር ነው። ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት መታጠፊያ ጉልበት ይባላል፤ ኃይልም ጉልበት ይባላል። ጉልበተኛ፣ የጉልበት ሥራ፣ የጉልበት ዋጋ እንላለን። የደከመ ሰው «ጉልበቴ ከዳኝ» ይላል፤ ያረጀ ሰው «ጉልበቴ አለቀ» ይላል። ከሁለቱ የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ አይለይም፤ መለየትም አያስፈልገውም። ግእዙ ጉልበትን «ብርክ» ይለዋል። «ተንበረከከ» እና «ብርክ ያዘው» የምንላቸው ቃላት ከዚያው ሥር የወጡ ናቸው።

በዚህ በአዋበል ምድር ለሚኖር ሰው ይህ ድርብ ትርጉም እንግዳ አይሆንበትም። ጤፍ የሚያርም ሰው ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ይውላል፤ አጫጁ ቁጢጥ እንዳለ እየተራመደ ያጭዳል። እናቶቻችን ውኃ ተሸክመው ዳገት ይወጣሉ። ካህናቱ በማኅሌት ሌሊቱን በመቋሚያ ተደግፈው ይቆማሉ፤ በዕለተ ስቅለት ምእመናን ሲሰግዱና ሲነሡ ይውላሉ። ጉልበት የታመመበት ሰው የሚያጣው እርሻውንም፣ ገበያውንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም ነው።

የሚሠራበት ነገር ሁሉ እንደሚያልቅ ገበሬ ያውቃል። ማረሻ ይበላል፣ ሞፈር ይሰበራል፣ የኩራዝ ጋዝ ያልቃል። ስለዚህ የጉልበትም ቅባት በሥራ ብዛት ያልቃል ብሎ ማሰብ ብልህነት እንጂ ሞኝነት አልነበረም። መድኃኒቱም ከዚሁ ሐሳብ ይመነጫል፤ የጎደለውን መሙላት ነው። ጉልበት በቅቤ ይታሻል፤ የአጥንት መረቅ ይጠጣል። ቁርጥማት የጠናበት በዋግምት ደሙን ያስመጥጣል፤ ወይም ፍል ውኃ ይወርዳል። ዋና ከተማችንም የተቈረቈረችው በፍል ውኃ አጠገብ ነው። የእንጦጦ ሰዎች ለመታጠብ ይወርዱበት ከነበረው ፍልውሃ አጠገብ እቴጌ ጣይቱ በ1886 ቤት አሠሩ፤ አዲስ አበባም ከዚያ ተስፋፋች። ሙቀቱ ለጊዜው ሕመምን እንደሚያበርድ ዛሬም አይካድም።

ቅቤውም፣ ዋግምቱም፣ ፍል ውኃውም ከቆዳ ውጭ የሚደረጉ ናቸው። ፈሳሹን በዓይኑ ያየ ሰው ግን አልነበረም። እርድ የሚያርዱ ሰዎች የበሬ ጉልበት ሲፈቱ የሚያዳልጥ ነገር እንዳለበት ያውቁ ነበር። በሕያው ሰው ጉልበት ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ ግን መገጣጠሚያውን መክፈት ያስፈልግ ነበር፤ ያም በዚያ ዘመን ሞት ማለት ነበር።

ዐሻራ የማይተው ነገር

ለታሪክ ተመራማሪ ይህ ፈሳሽ አስቸጋሪ ርእስ ነው፤ ምክንያቱም ዐሻራ አይተውም። በ1973 በአፋር፣ ሃዳር በተባለው ስፍራ ዶናልድ ጆሃንሰን ሁለት የተሰባበሩ አጥንቶች አገኘ። አንዱ የጭን አጥንት ታችኛው ጫፍ፣ ሌላው የቅልጥም ላይኛው ጫፍ ነበር። ቢገጣጠሙ ጉልበት ሆኑ። ዕድሜው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። የጭኑ አጥንት ወደ ውስጥ ማዘንበሉ ባለቤቱ በሁለት እግር ቀጥ ብሎ ይሄድ እንደ ነበር መሰከረ። ድንቅነሽ የተገኘችው ከዚህ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1974 ነው። እንግዲህ ለዓለም ስለ ሰው አረማመድ ከተነገሩት ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ ኢትዮጵያዊ ጉልበት ነው።

ከዚያ ጉልበት አጥንቱ ቀረ። አጥንቱን የሸፈነው ለስላሳ አካል አልቀረም፤ ፈሳሹም አልቀረም። ያ ፍጡር ዕድሜውን በሙሉ በዚያ ጉልበት ሲራመድ አጥንቱን ከአጥንቱ ጋር እንዳይፋጅ የጠበቀው ነገር አንዲት ጠብታ አላስቀረልንም። ስለዚህ የፈሳሹ ታሪክ በአጥንት አይጻፍም። ሰዎች ስለ እርሱ በተናገሩት ቃልና በሠሩት ስሕተት ይጻፋል።

ከእንቁላል እስከ ሽፋን

የአውሮፓ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን «ሲኖቪያ» የሚለውን ስም ያወጣው ፓራሴልሰስ ነው ይባላል፤ ከ1493 እስከ 1541 የኖረ የስዊስ ሐኪም ነበር። የቃሉ አመጣጥ ያከራክራል። ብዙዎች የግሪኩን «አብሮ» እና የላቲኑን «እንቁላል» አጣምሮ እንደ ፈጠረው ያስረዳሉ፤ ፈሳሹ የእንቁላል ነጭ ይመስላልና። እኔ ብሆን በተልባ እመስለው ነበር። የተነከረ ተልባ በጣት ሲነካ እንደ ክር የሚሳብ ውኃ ያወጣል። የጤነኛ መገጣጠሚያ ፈሳሽም ከመርፌ ጫፍ ሲንጠባጠብ ረዘም ያለ ክር ይሠራል።

በ1691 እንግሊዛዊው ሐኪም ክሎፕተን ሃቨርስ ስለ አጥንት መጽሐፍ አሳተመ። በመገጣጠሚያ ውስጥ ያያቸውን ለስላሳ እብጠቶች ፈሳሹን የሚያመነጩ ዕጢዎች ናቸው አለ። ዕጢዎች አልነበሩም፤ አብዛኞቹ የስብ ትራሶች ናቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ግዛቪየር ቢሻ ስለ ሰውነት ሽፋኖች በጻፈው መጽሐፍ የሃቨርስን ዕጢዎች ሻረ፤ ፈሳሹ የሚወጣው መገጣጠሚያውን ከውስጥ ከለበጠው ስስ ሽፋን ነው አለ። ቢሻ በ1802 ሲሞት ገና 30 ዓመቱ ነበር። በዋናው ነገር ግን ትክክል ነበር።

እዚህ ላይ ላፍታ ልቁም። ሃቨርስ ትክክል ቢሆን ኖሮ መገጣጠሚያ የዘይት ማጠራቀሚያ ያለው ማሽን ይመስል ነበር። ቢሻ ያየው ግን ሕያው ሽፋን ነበር። ማጠራቀሚያ ያልቃል፤ ሽፋን ግን ዘወትር ያመነጫል፣ መልሶም ይመጥጣል። ስለዚህ ፈሳሹ ባለበት የቆመ አይደለም፤ ሁልጊዜ ይታደሳል። «ቅባቱ አልቋል» የሚለው አነጋገር ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በሳይንስ ዘንድ መሠረቱን አጥቶ ነበር። በሰዎች አፍ ግን አልሞተም።

«ቁጭ በሉ» ያለው ማን ነው?

አሁን ወደ ሁለተኛው ሐሳብ፣ ወደ ወንበሩ ልምጣ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በሊቨርፑል ከተማ ሂዩ ኦወን ቶማስ የተባለ ሐኪም ነበር። የዘር ሐረጉ ለብዙ ትውልድ በወጌሻነት የታወቀ የዌልስ ቤተሰብ ነው፤ አባቱም ወጌሻ ነበር። ልጁ ግን ሕክምና ተማረ። በ1875 ስለ ዳሌ፣ ስለ ጉልበትና ስለ ቁርጭምጭሚት በሽታዎች መጽሐፍ አሳተመ። የታመመ መገጣጠሚያ በብረት ድጋፍ ታስሮ፣ ሳይነካና ሳይንቀሳቀስ ለረጅም ጊዜ ማረፍ አለበት ብሎ አስተማረ። በስሙ የሚጠራው የእግር ድጋፍ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጭናቸው የተሰበረ ብዙ ወታደሮችን ከሞት አድኗል።

ቶማስ አልተሳሳተም። በእርሱ ዘመን ወደ ሐኪም ከሚመጡት የመገጣጠሚያ ሕሙማን ብዙዎቹ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቲቢ የያዛቸው ልጆች ነበሩ። የቲቢ ተሕዋስ የታወቀው በ1882 ነው፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 ነው። መድኃኒት በሌለበት ዘመን፣ እየተበላ ላለ መገጣጠሚያ ዕረፍት ከማሻሸትና ከመጎተት በብዙ ይሻል ነበር።

ስሕተቱ የመጣው በኋላ ነው። በሽታው ተለወጠ፤ ምክሩ ግን አልተለወጠም። ለአንድ የቲቢ ሕመምተኛ ልጅ የተሰጠ ትእዛዝ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተላለፈ፣ ጉልበቷ በዕድሜ ለተሸረሸረ የጎጃም እናት ደረሰ። በታሪክ ጥናት ይህን ደጋግመን እናየዋለን። ሕግ የወጣበት ምክንያት ይረሳል፤ ሕጉ ግን ይቀራል።

ፈሳሹ ምን ይሠራል?

የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት ወደ ፈሳሹ ራሱ ተመለሱ። በ1934 ካርል ማየርና ጆን ፓልመር በኒው ዮርክ ከበሬ ዓይን ውስጥ አንድ ዝልግልግ ንጥረ ነገር አወጡ፤ ሃያሉሮኒክ አሲድ ብለው ሰየሙት። የመገጣጠሚያ ፈሳሽን እንደ ተልባ ውኃ የሚያዝለገልገው ይኸው ነው። ፈሳሹ ከደም ተጣርቶ የሚመጣ ውኃ ነው፤ የውስጡ ሽፋን ሕዋሳት ሃያሉሮኒክ አሲድና ሌሎች ነገሮችን ይጨምሩበታል። ጠባዩም ይለዋወጣል። ቀስ ብለን ስንንቀሳቀስ ወፍራም ነው፤ ስንፈጥን ይቀጥናል።

መሐንዲሶችም በዚህ ጉዳይ ገቡ። እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃ ቤት ባሠሩበት በዚያው በ1886፣ ኦስቦርን ሬይኖልድስ የተባለ እንግሊዛዊ በሚሽከረከር ዘንግና በተሸካሚው መካከል ዘይት እንዴት ሰበቃን እንደሚቀንስ በሒሳብ አስረዳ። በ1932 ማክኮኔል የተባለ የአካል ጥናት ሊቅ ያንን ሐሳብ ወደ ሰው መገጣጠሚያ አመጣው፤ ፈሳሹ በአጥንቶቹ መካከል እንደ ሽብልቅ ይገባል አለ። ከዚያ በኋላ ጆን ቻርንሊ የተባለው እንግሊዛዊ የአጥንት ቀዶ ሐኪም አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። በፕላስቲክ የዳሌ ኳስ የተተካለት ሕመምተኛ ሲንቀሳቀስ መገጣጠሚያው ይንጫጫ ነበር። ፈሳሹ በቦታው አለ፤ ፕላስቲኩን ግን ማለስለስ አልቻለም። ቻርንሊ ከዚህ ተነሥቶ ፈሳሹ ብቻውን ዘይት እንዳልሆነ ተረዳ። የሚሠራው ከሕያው ልም አጥንት ጋር ሲገናኝ ነው። ሐኪሞች ካርቲሌጅ የሚሉት፣ የአጥንትን ጫፍ የሸፈነው ነጭና አንጸባራቂ አካል ማለቴ ነው። ቻርንሊ ሰው ሠራሹን ዳሌ በሌላ መንገድ ሠራ፤ በ1962 የጀመረው አሠራር በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። በ1999 ደግሞ ሉብሪሲን የተባለውን የፈሳሹን ፕሮቲን የሚያዘው ዘረ መል ሲጎድል ምን እንደሚሆን ታወቀ፤ ያለ ሉብሪሲን የተወለዱ ልጆች መገጣጠሚያቸው ገና በልጅነታቸው ይበላሻል።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ምግብ መሆኑ ነው። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከዚህ ፈሳሽ ነው፤ አመጋገቡም እንደ ስፖንጅ ነው። ሰው ሲቆም ልም አጥንቱ ይጨመቃል፤ ፈሳሹን ይተፋል። ክብደቱ ሲነሣለት ይመጥጣል። እግር በተነሣ ቁጥር ይበላል ማለት ነው። የማይንቀሳቀስ ጉልበት ፈሳሽ በውስጡ እያለ ይራባል። ካናዳዊው ሐኪም ሮበርት ሳልተር ከ1970 ጀምሮ በጥንቸሎች ላይ ባደረገው ምርምር፣ የተጎዳ ልም አጥንት ታስሮ ከሚቀመጥ ይልቅ በቀስታ ሲንቀሳቀስ የተሻለ እንደሚያገግም አሳየ። የቶማስ ሕግ በዚህ ተገደበ።

«ውኃ ቋጠረ»

በአካባቢያችን «ቅባቱ አለቀ» የሚለው ሰው ራሱ፣ ጉልበቱ ያበጠን ሰው ሲያይ «ውኃ ቋጥሯል» ይላል። ሁለቱን አነጋገሮች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቱ። አንዱ አነሰ ይላል፣ ሌላው በዛ። ሁለተኛው ለእውነቱ ይቀርባል። የታመመ ጉልበት ብዙ ጊዜ ፈሳሹ ይበዛል እንጂ አያልቅም። የበዛው ፈሳሽ ግን ቀጭን ነው፤ ሃያሉሮኒክ አሲዱ ተበርዟል፣ ተቈራርጧልም። ክሩ አይረዝምም።

ሐኪም በመርፌ የሚቀዳው ያ ፈሳሽ ምስክር ነው። ለታሪክ ሰው እንደ ሰነድ ነው፤ ማንበብ ይፈልጋል። ጥርት ያለና ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ጤና ነው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ውስጥ ያሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ከ200 ያነሱ መሆን አለባቸው። ከ50,000 ካለፉ ሐኪሙ መግል የሚያመጣ ተሕዋስ ገብቷል ብሎ ይሠጋል። በ1961 ዳንኤል ማካርቲና ጆሴፍ ሆላንደር ሪህ ከያዛቸው ሰዎች ጉልበት የቀዱትን ፈሳሽ በልዩ ማይክሮስኮፕ ሲያዩ መርፌ የሚመስሉ የዩሪክ አሲድ ክሪስታሎች አገኙ። የባለጸጋ በሽታ ሲባል የኖረው ሪህ በዓይን ታየ።

እዚህ ላይ በብርቱ የማሳስባችሁ ነገር አለ። ስለ መንቀሳቀስ የተናገርሁት ለሁሉም ጉልበት አይደለም። በድንገት ያበጠ፣ የጋለ፣ የቀላ፣ ትኩሳት ያለበት መገጣጠሚያ አይታሽም፣ አይበጣም፣ በዋግምት አይመጠጥም፣ «ተራመድበት» አይባልም። ተሕዋስ የገባበት መገጣጠሚያ ልም አጥንቱ በቀናት ውስጥ ይበላል። በተለይ ሕፃን ልጅ አንድ እግሩን አላንቀሳቅስ ካለና ትኩሳት ካለው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። በልጅነቴ አብሮ አደጌ የነበረ ልጅ ጉልበቱ አብጦ ለሁለት ሳምንት ሲታሽ ሰነበተ። ያሹት ሰው ክፉ አልነበሩም፤ የብዙ ሰው ወለምታ ያቃኑ የተከበሩ አባት ነበሩ። ፈሳሹን ማንም አላነበበውም እንጂ። ልጁ ተርፏል፤ ጉልበቱ ግን ከዚያ በኋላ አልታጠፈም።

ሌላው ፈተና የዘመናችን ነው። «ቅባት አለቀ» የሚለው ሐሳብ ዛሬ በመርፌ መልክ ተመልሷል። ሃያሉሮኒክ አሲድ ከአውራ ዶሮ ኩክኒ እየተጣራ ወደ ጉልበት የሚወጋ መድኃኒት ሆነ። ሐሳቡ ያው የኩራዙ ነው፤ የጎደለውን መሙላት። የአሜሪካ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ ግን በ2013 ባወጣው መመሪያ ለጉልበት መሸርሸር ይህን መርፌ እንደማይመክር አስታወቀ። ስቴሮይድ የተባለውን መርፌ ሆላንደር ከ1951 ጀምሮ አስፋፍቶታል፤ እብጠትን ለጊዜው ያበርዳል። በ2017 የታተመ ጥናት ግን ለሁለት ዓመት በየሦስት ወሩ የተወጉ ሰዎች ጨው ያለበት ውኃ ብቻ ከተወጉት ይልቅ ልም አጥንታቸው እንደ ሳሳ፣ በሕመማቸውም ብልጫ እንዳልነበረ አሳይቷል። አስፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ያን ሐኪም ይወስን። እናት አባቶቻችን ግን ጤፋቸውን ሸጠው በየወሩ ከመወጋታቸው በፊት ይህን ማወቅ መብታቸው ነው።

የኃይሌ ጉልበት

ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «መንቀሳቀስ ካልጎዳ የሯጮች ጉልበት ለምን ይታመማል?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2008 በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ የሮጠው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ኅዳር 7 ቀን 2010 በኒው ዮርክ ማራቶን በድልድይ ላይ ውድድሩን አቋረጠ። በዋዜማው የተደረገለት የኤምአርአይ ምርመራ በቀኝ ጉልበቱ ፈሳሽ መጠራቀሙንና ጅማቱ መቈጣቱን አሳይቶ ነበር። በዚያው ዕለት ሩጫ ማቆሙን ተናገረ፤ አገር ሁሉ ደነገጠ። ከሳምንት በኋላ ሐሳቡን ለወጠ። ውድድሩን ያሸነፈውም ኢትዮጵያዊው ገብረ እግዚአብሔር ገብረ ማርያም ነበር።

የዚያ ጉልበት ቅባት አላለቀም ነበር፤ ፈሳሹ በዝቶ ነበር። መብዛቱም የሰውነት አቤቱታ ነው፦ ይህን ያህል አይሆንልኝም ማለቱ። በ2017 ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርመራ የዳሌና የጉልበት መሸርሸር በሦስት ዓይነት ሰዎች ላይ አነጻጸረ። ለውድድር ከሚሮጡት 13.3 በመቶ፣ ቁጭ ብለው ከሚኖሩት 10.2 በመቶ፣ ለጤናቸው በልክ ከሚሮጡት ግን 3.5 በመቶው ላይ ተገኘ። ይህ ብቻውን ምክንያቱን አያረጋግጥም፤ ጉልበቱ ደኅና የሆነ ሰው ይሮጣልና። ቢሆንም መቀመጥ ጉልበትን ይቈጥባል የሚለውን እምነት አይደግፍም።

ወንበሩ

ወደ እናቴ ልመለስ። በሰባተኛው ዓመት ለዓይኗ ሕክምና አዲስ አበባ ወሰድኋት። እዚያ አንዲት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስትራመድ አየቻትና ጠጋ ብላ ጭኗን ዳሰሰች። «ጉልበታቸውስ ደኅና ነበር፤ ጭናቸው ነው ያለቀው። ቁጭ ይበሉ ያላቸው ማን ነው?» አለችኝ። ያንን ባለሙያ ልወቅስ አፌን ከፈትሁ፤ ነገር ግን ወንበሩን የገዛሁት እኔ ነበርሁ። «እኔ ነኝ» አልሁ።

የታዘዘላት ቀላል ነበር። ከዚያው ወንበር በእጇ ሳትደገፍ መነሣትና መቀመጥ፣ በመጀመሪያ በቀን አምስት ጊዜ፣ ከዚያ አሥር። ተቀምጣ እግሯን መዘርጋት። በዘንግ ተደግፋ በግቢው መዞር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አለቀሰች፤ እኔንም ረገመችኝ። በሦስተኛው ወር እስከ ጎረቤት ሄደች። በስድስተኛው ወር ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን ደረሰች፤ ቅጥሩን ተሳልማ በእግሯ ተመለሰች። ሕመሙ ፈጽሞ አልተዋትም፤ ልም አጥንት አንዴ ከተበላ በቀላሉ አይመለስም፤ ይህን ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ሃንተር በ1743 አስተውሎታል። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረች፤ አራቱንም ዓመት ተራመደች። የተቀመጠችባቸውን ስድስት ዓመታት ግን ልመልስላት አልቻልሁም።

ይህን የነገርኋችሁ ባለሙያውን ለመክሰስ አይደለም። እርሱም የተረከበውን ነው የሰጠን። የኩራዙን ምሳሌ ከገበሬው፣ የወንበሩን ምክር ከቲቢው ዘመን ተቀብሎ አጋጠማቸው። ሁለቱም በየቦታቸው ምክንያት ነበራቸው። እኔ ምክንያታቸውን እንድጠይቅ የተማርሁ ሰው ነበርሁ፤ አልጠየቅሁም። ሙያዬን ለሰነድ አውዬ ለእናቴ ነፈግኋት።

ተማሪዎቼ፣ አንድ አደራ አለኝ። በዚህ ወረዳ ያሉ ወጌሾችና አዛውንት እናቶች ስለ መገጣጠሚያ ብዙ ቃልና ብዙ ልማድ ያውቃሉ። ቁርጥማትን ከሪህ፣ ወለምታን ከስብራት የሚለዩበት የራሳቸው መንገድ አላቸው። እነርሱ ሳያልፉ ጠይቁ፣ ጻፉ። የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ የተጻፈውን ከሳይንሱ ጋር አመሳክሩት፤ የሚበጀው ይጠበቅ፣ የሚጎዳው በአክብሮት ይነገራቸው። የጋለን ጉልበት ሳይነኩ ወደ ሐኪም የሚልኩ ወጌሾች ቢኖሩን ስንት ልጅ እግሩን ያተርፋል።

በአዳራሹ የተቀመጣችሁ ወላጆቼ፣ ብዙ አስቀመጥኋችሁ። ጥያቄዎቻችሁን ከመቀበሌ በፊት፣ የምትችሉ ሁሉ እባካችሁ ተነሡና ትንሽ ተንቀሳቀሱ።